ወይዘሮ የተባለችው በቅሎና ማኔጅ የሚሉት ግስ

በእኛ ጊዜ ሰው ወይ ያርሳል፣ ወይ ይነግዳል፣ ወይ ይቀድሳል፤ ከዚህ ሁሉ የተረፈው እንደ እኔ ጠመኔ ሲግጥ ይኖራል። አሁን ግን ተመስገን ነው፣ ሁሉም ሰው ማኔጅ ያደርጋል። ካላመናችሁ ከጎንደር አራዳ ተነሥታችሁ እስከ ማራኪ በእግራችሁ ሂዱና እዩ። አራት ክፍል ያላት ፔንሲዮን ሦስት ማኔጀር አላት፤ አራተኛው ክፍል የተቆለፈው፣ እንደ እኔ ግምት፣ ማኔጀር እስኪቀጠርለት ነው። ፀጉሬን የሚያስተካክለኝ ጎረምሳ ከመስተዋቱ በላይ «ማኔጂንግ ዳይሬክተር» የሚል ወረቀት ለጥፏል። የሚያስተዳድረው አንድ መቀስ፣ አንድ ማበጠሪያና የእኔን አሥራ ሁለት ፀጉር ነው።

ቤታችሁ ገብታችሁ ቧንቧ ስትከፍቱ ውሃ የለም እንበል። አከራያችሁ ዘንድ ስትደውሉ «እስከዚያው ማኔጅ አድርጉታ!» ትላችኋለች። ምኑን? የሌለውን ውሃ? ደም ግፊቴን የሚለካልኝ ሐኪም ደግሞ «ንዴትዎን ማኔጅ ያድርጉ» ይለኛል። እንዴት ብዬ እንደምነግረው አላውቅም እንጂ፣ ንዴቴ እኮ ሰባ ዓመት ሙሉ እኔን ማኔጅ ሲያደርግ የኖረ ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ ሥልጣኑን ልቀማው?

ይህን ግስ ለጎንደር ከተማ ያስተማርኩት እኔ ነኝ ብላችሁ አታምኑኝም። አትመኑኝ። ግን አርባ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ፤ ዛሬ በዚህ ከተማ ማኔጅ የሚያደርግ ሰው ሁሉ፣ ከሁለት ከሦስቱ በቀር፣ ግሱን የገለበጠው ከእኔ ሰሌዳ ላይ ነው። የአሁኑን አስተማርኩ፣ ያለፈውን አስተማርኩ፣ የወደፊቱን አስተማርኩ፤ ጥቁር ሰሌዳ ነጭ እስኪሆን ጻፍኩ። በዚያ ሁሉ ዓመት ግን አንድ ቀን እንኳን ግሱን አስቁሜ «አንተ፣ የማን ልጅ ነህ? ከየት ነው የመጣኸው?» ብዬው አላውቅም። የጠየቀው ሌላ ሰው ነው። ያውም የእንግሊዝኛ ፊደል ከዶሮ ጭረት ለይቶ የማያውቅ ሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልብ ጓደኛዬ ነፍሱን ይማረውና ሔኖክ የሚባል ልጅ ትቶልኝ ሞተ። ልጁ አራዳ ተወልዶ አራዳ ያደገ፣ ከዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ማኔጅመንት ተምሮ የወጣ፣ አሁን ውሃ በሚያሽግ አንድ ድርጅት ውስጥ አርባ ሰው የሚታዘዝለት ማኔጀር ነው። ሥራውን በዓይኔ አይቻለሁ። ጠዋት ይመጣል፤ «የት ደረሰ?» ይላል፤ «እዚህ ደረሰ» ይሉታል፤ «ጥሩ እየሠራችሁ ነው» ይልና ይሄዳል። ጠርሙሱ ይሞላል። ሠራተኞቹም ይወዱታል፤ እኔ ግን ለምን እንደሚወዱት ሳሰላስል ብዙ ሰንብቻለሁ።

ይህ ልጅ ማራኪ ሲማር ውዳሴ ከምትባል የገጠር ልጅ ጋር ተዋደደ። አምስት ዓመት ጠበቃት፣ አምስት ዓመት ጠበቀችው። እሷ አሁን ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። አባቷ መሪጌታ ልሳነወርቅ ይባላሉ፤ የቅኔ መምህር ናቸው። ቅኔያቸው ሲዘረፍ ደመና ቆሞ ያዳምጣል፤ ዝናቡ የሚዘገየው በእሳቸው ምክንያት ነው የሚሉ ገበሬዎች አሉ። ሰውን በጥያቄ ማሰር ይወዳሉ፣ ልጃቸውን የጠየቁ ሦስት ሰዎችንም ከእሳቸው በር መልሰዋል። እንግዲህ ሽማግሌ ተልኮ ውዳሴ ልትጠየቅ ነው፤ የሟቹን ጓደኛዬን አደራ የተሸከምኩት እኔ ነኝና መሪው ሽማግሌ ሆንኩ። ሁለተኛው አራዳ ላይ የፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጠው አያ ካሳሁን ነው። ሦስተኛው ሽማግሌያችን ለቁጥር የመጡ ናቸው፤ ጆሯቸው አይሰማም፣ ዓይናቸው ሲከደን ግን ያምርባቸዋል።

በማለዳ ሄደን በመሪጌታ በራፍ ቆምን። እንድንቀመጥ ቢሉንም ጉዳያችን ሳይሰማ እንደማንቀመጥ፣ እንደ ወጉ፣ ተናገርን። የሔኖክን ዘር ቆጠርን፣ ጠባዩን አሞገስን። ዘሩን ስቆጥር ሁለት ደጃዝማች ጨምሬለታለሁ፤ ማን ይቆጥርብኛል ብዬ። መሪጌታ ጭራቸውን እያወዛወዙ ሰሙንና፦

«ሥራው ምንድን ነው?» አሉ።

አያ ካሳሁን ቀደመኝ። ደረቱን ነፍቶ «ማኔጅ ያደርጋል!» አለ።

«ምንን?»

«እንዴት ምንን?»

«ማረስ መሬትን ነው። መፍተል ጥጥን ነው። ማኔጅ ምንን ነው?»

አያ ካሳሁን ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ሦስተኛው ሽማግሌ ዞርኩ። እሳቸው ቆመው እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

በቅኔ ቤት፣ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ፣ ግስ ማለት እንደ ሰው ነው። ቤት አለው፣ ሥር አለው፣ ዘር አለው። ተማሪው አንድ ግስ ይዞ ሲመጣ «ይህ የቀተለ ቤት ነው ወይስ የቀደሰ?» ተብሎ ይመረመራል፤ ቤቱ ካልታወቀ ከደጅ ይመለሳል። ዘሩ ያልታወቀ ግስ እዚያ ግቢ ውሃ እንኳን አይቀዳለትም፤ የመሪጌታን ልጅ ማግባትማ የማይታሰብ ነው።

«መምህር» አሉኝ፤ «ፈረንጅኛ ያውቃሉ ሲባል እሰማለሁ። የዚህን ግስ ሥር ያምጡልኝ። ሥሩን በማላውቀው ግስ የሚተዳደር ሰው ልጄን አይወስድም። የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ።»

ስንወጣ ውዳሴ አጥሩ ጥግ ጠበቀችን። ፊቷ ገርጥቷል። «ጋሼ፣» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባየ እስካሁን አልማለም። አንድ ጊዜ እምቢ ብሎ በታቦቱ ከማለ ግን እንኳን እናንተ ጳጳስ ቢመጣ አይመልሰውም። እባካችሁ፣ ሳይምል ጨርሱት።»

እኔም ቃል ገባሁላት። ቃል መግባት አይከብደኝም።

በማግስቱ ማራኪ ወርጄ የቀድሞ ተማሪዬን፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ቋንቋ የሚያስተምረውን፣ ጠየቅሁት። እኔ አርባ ዓመት ያላወቅሁትን እሱ ስልኩን በአውራ ጣቱ ሁለት ጊዜ ዳብሶ አገኘው። ለካስ ይህ ማኔጅ የሚሉት እንግሊዛዊ ነኝ ባይ እንግሊዛዊ አይደለም! አባቱ ጣሊያን ነው። አያቱ ላቲን ነው፤ «እጅ» ማለት ነው። ጣሊያኖቹ ከእጅ አውጥተው ፈረስ መግራት፣ ፈረስን በእጅ ይዞ ማሠልጠን አደረጉት። እንግሊዞች ፈረሱን ከነቃሉ ወሰዱት። ከፈረስ ጋጥ ወደ ጦር መሣሪያ፣ ከመሣሪያ ወደ ቤት አያያዝ፣ ከቤት ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ቢሮ እያለ ወጣ፤ በመጨረሻም ፈረሱ ወርዶ ቀረና ወንበሩ ብቻ ተረፈ። የሚገርመው የእኛ ነገር ነው። ጣሊያን ጎንደር በነበረ ጊዜ ማኪናውንም ቦርሳውንም ጥሎልን ሲሄድ ይህን ቃል ኪሱ ውስጥ ረስቶት ወጣ፤ እኛም ከእንግሊዝ እጅ ስንት ዓመት ትምህርት ቤት ተቀምጠን ገዛነው።

በሁለተኛው ቀጠሮ ይህን ሁሉ ለመሪጌታ ዘረዘርኩላቸው። ሳወራ ዓይናቸው እየበራ፣ እየበራ ሄደ።

«እጅ!» አሉ። «ኦሆ! አኀዘ በእዴሁ! በእጁ ያዘ! እንዲህ ያለ ሥር ያለው ግስ ነው እንዴ? ሸጋ ግስ ነው! ተቀመጡ፣ ምነው ቆማችኋል?» ተቀመጥን። ጠላ መጣ። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። መሪጌታ ጎንበስ ብለው «እንግዲያው ልጁ የፈረስ ሰው ነዋ?» አሉኝ።

እዚህ ላይ አንድ ልባም ሰው «አይ የኔታ፣ ያ የድሮ ትርጉሙ ነው፤ የአሁኑ የቢሮ ነው» ይል ነበር። እኔ ግን አላልኩም፤ ጠላው ሸጋ ነበር፣ የተቀመጥኩበትም አጎዛ ይሞቃል።

«የኔታ፣ የፈረስ ሰው ይሉኛል? ፈረስ እሱን ሲያይ እኮ ነው የሚጠጋው! አምና ጥምቀት ቀሐ ወንዝ ላይ አንድ ፈረስ ደንብሮ ሰዉን ሲያምስ፣ አሥር ሰው መያዝ ሲያቅተው፣ ይህ ልጅ መጥቶ በጆሮው ሹክ ቢለው ፈረሱ አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ።»

አያ ካሳሁን በክርኑ ጎሰመኝ። እኔ ግን ሞቆኝ ነበር፤ ፈረሱ ይቅርታም ጠየቀ ብዬ ሳልጨምር የቀረሁት ትንፋሽ አጥሮኝ ነው።

መሪጌታ ተነሡ። «በቃ! ወይዘሮን ከወንዙ ማዶ አምጥቶ በራፌ ላይ ይሰርልኝ። ልጄ የሱ ናት። ካልሆነ ግን በታቦቱ...»

«አይማሉ!» ብለን ሦስታችንም ጮኽን። ሦስተኛው ሽማግሌ ሳይቀሩ፤ ምን እንደሆነ ባያውቁም።

ወይዘሮ ማን ናት ትሉኛላችሁ። የመሪጌታ በቅሎ ናት። ሰጋር ናት፣ ማር የመሰለች ናት፣ ግን ጠባይዋን ለጠላቴም አልመኘው። በዚያ አገር አንቺ የሚላት የለም፤ «እባክዎ ይለፉ» እያሉ ነው መንገድ የሚለቁላት። አንድ የደብር አስተዳዳሪ ረግጣ ሦስት ቀን አስተኝታለች፤ አራተኛው ቀን ላይ ይቅርታ የጠየቁት አስተዳዳሪው ናቸው ይባላል። ያልኩት እኔ ስለሆንኩ ግማሹን ብቻ እመኑ፤ ግማሹ ግን ይበቃል።

አራዳ ስመለስ ሔኖክን ኬክ ቤት አስቀምጬ ነገርኩት። ኬኩ በጉሮሮው ቀረ።

«ጋሼ፣ ምን አሉ?»

«በቅሎ ይዘህ መምጣት ብቻ ነው።»

«ጋሼ፣ እኔ በቅሎ ነክቼ አላውቅም። ከመኪና መስኮት ነው ያየሁት!»

«እንግዲህ ማኔጅ አድርገው» አልኩት። ምን ልበለው?

ልጁ ግን አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ የውዳሴን መልእክት አሳየኝ። «አባየ ከማለ እኔ ከቤቴ ኮብልዬ አልወጣም። ከእናቴ ሞት በኋላ ያለሁለት እኔ ብቻ ነኝ። እዚህ በራፍ ላይ ካላለቀ፣ አለቀ» ይላል። አምስት ዓመት በአንዲት በቅሎ ጀርባ ላይ ተጭኖ ቆሟል። የጫንኩት ደግሞ እኔ ነኝ። የዚያን ዕለት ኬኬን ሳልጨርስ ወጣሁ፤ የሚያውቁኝ ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ።

ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ሔኖክ ግን በስም ተጠርቷልና ሄደ። አገሩ ሁሉ ወሬውን ሰምቷል። ፈረስ የሚያስለቅስ ሰው ሊመጣ ነው ተብሎ ከሁለት አጥቢያ ሕዝብ መጥቶ አጥር ላይ ተደርድሯል። መሪጌታ በራፋቸው ላይ አጎዛቸውን አስነጥፈው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ከወንዙ ማዶ ወይዘሮ ጀርባዋን ሰጥታን ትግጣለች። ሔኖክም ነጭ ስኒከር አድርጎ መጥቷል። ነጭ!

ወንዙን ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጠ ተሻግሮ ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀረው ወይዘሮ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጠፈች። ሔኖክ ቆመ። አንድ እርምጃ ጨመረ። እሷ የኋላ እግሯን አነሣች። አጥሩ ላይ ያለው ሕዝብ «ኸረ!» አለ። ውዳሴ ከጓዳ በር ላይ ሁለት እጆቿን አፏ ላይ ጭናለች። እኔ በዚህ ጊዜ ወደ ሰማይ እያየሁ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ፣ የማላውቀውንም ጨምሬ፣ እደግማለሁ።

ልጁ ወደ ወንዙ ዳር ተመለሰ። ሮጦ ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ ሁለት እጁን ኪሱ ከተተና ሕዝቡን ቃኘ። ከዚያ በጣም በጨዋ ድምፅ፦

«ይህችን በቅሎ ሁልጊዜ የሚያበላት ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አሉ አንዲት አሮጊት።

«እማማ፣ ገብስ ይያዙልኝና ከፊቷ ይሂዱ፣ ዞር እንዳይሉ። ልጓም ማሰር የሚችል አለ?» አንድ ተማሪ ብቅ አለ። «ጎበዝ። እናንተ ሁለታችሁ በግራ፣ እናንተ በቀኝ፣ አትንኳት፣ ብቻ መንገዱን አጥሩ። አያ ካሳሁን፣ በሩን ይክፈቱልን። አባት፣ እርስዎ ደግሞ...» ይኼን የሚለው ለሦስተኛው ሽማግሌያችን ነው፤ «እርስዎ እዚያው ይቁሙ፣ እንዲያ ጥሩ ነው።»

ዓይኔ እያየ አገሩ ሁሉ ተነሣ። ለማየት የመጣው ሰው ሥራ ያዘ። አንዱ ድንጋይ ያነሣል፣ አንዱ ውሻ ያባርራል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ወይዘሮ በሕይወቷ እንዲህ ተከብራ አታውቅም መሰለኝ፣ ገብሱን ተከትላ፣ ወንዙን ተሻግራ፣ እንደ እመቤት እየተራመደች መጥታ በራፉ ላይ ታሰረች። ሔኖክ ከኋላ፣ ሠላሳ እርምጃ ርቆ፣ እጁ ኪሱ ውስጥ እንዳለ መጣ። ስኒከሩ ላይ የጭቃ ጠብታ የለም።

«በጣም ጥሩ ሠርታችኋል» አላቸው። ታምኑኛላችሁ? ደስ አላቸው!

መሪጌታ ግን ደስ አላላቸውም። ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ የዚህ ግስ ሥር እጅ ነው ብለውኛል።»

«ነው፣ የኔታ።»

«ታዲያ የዚህ ሰው እጅ የት ነበር?»

እኔ፣ ደጃዝማች ከምንም የማወጣ ሰውዬ፣ ባዶ ቀረሁ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞሩ፤ ቀኝ እጃቸው ወደ ላይ ወጣ። ሊምሉ ነው።

«አባየ፣ ቆይ።»

ውዳሴ ናት። ከጓዳ ወጥታ በሕዝቡ መካከል አለፈች። አባቷ ፊት ቆመች።

«አባየ፣ ያቺን መቋሚያ ማን አቀበለህ?»

መሪጌታ መቋሚያውን አዩት። «ተማሪው።»

«አጎዛውን ማን አነጠፈልህ?»

«ተማሪው።»

«ዛሬ ጠዋት ውሃውን ማን ቀዳ? ማሳህን ማን አረሰው? ወይዘሮን ከገዛሃት ስድስት ዓመት ይሆናል፤ አንድ ቀን እንኳን ራስህ ልጓም አግብተህላት ታውቃለህ?»

ከተማሪዎቹ መካከል አንዱ ሳል የመሰለ ነገር አሰማ። ሳል አልነበረም። መሪጌታ እጃቸው አየር ላይ እንደቀረ ልጃቸውን ተመለከቱ፤ ከዚያ ሔኖክን፣ ከዚያ በቅሎዋን፣ ከዚያ ደግሞ ያንን የተነሣ የገዛ እጃቸውን፣ ለስላሳውን፣ ከብራና በቀር ምንም ያልነካውን። ቀስ ብለው አወረዱት። ጢማቸው መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ ሆዳቸው፤ የሳቃቸው ድምፅ እስከ ዳባት ተሰምቷል።

«አኀዘ በእደ ካልኡ!» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «በባልንጀራው እጅ ያዘ! መምህር፣ ሥሩን አምጥተው ግማሹን አስቀርተውብኝ ነበር፤ እጅስ እጅ ነው፣ ግን የሌላ ሰው! እኔም ሠላሳ ዓመት ማኔጅ ሳደርግ ኖሬ ስሙን ሳላውቀው! በሉ ውሰዷት። እሱንም እሷ ትያዘው።»

እልልታው ሲቀልጥ ውዳሴ መጥታ የአባቷን ጉልበት ሳመች። ከዚያ ቀና ስትል ሔኖክን አየችው። ያን አስተያየት አልገልጸውም፤ ካጋነንኩት አታምኑኝም፣ ካላጋነንኩት ደግሞ አይመጥነውም።

ይኸው፣ ደስታ ሆነ። መሪጌታም ለእኛ ለሽማግሌዎቹ አንድ የሰባ ሙክት፣ አንድ እንስራ ማር ሰጡን። ወደ አስፋልቱ የእግር መንገዱ አንድ ሰዓት ይሆናል። ገና ከግቢው ስንወጣ የሔኖክ ስልክ ጮኸ፤ ዘመድ ሁሉ ወሬ ይጠይቃል። «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ይችን ገመድ» አለኝ። ያዝኩለት። «አያ ካሳሁን፣ ማሩን እንዳይፈስ እርስዎ ይሻላሉ።» አያ ካሳሁን ተሸከመ። ሦስተኛው ሽማግሌያችን የልጁን ጃኬት በክንዳቸው ላይ አንጠልጥለዋል፤ መቼ እንደተቀበሉት እሳቸውም አያውቁ። የልጁ የስልክ ወሬ አላለቀም። ሙክቱ ዳገቱ ላይ ቆመ፤ ጎተትኩት። ተኛ፤ ለመንኩት። በሰባ ዓመቴ፣ ላቤ በጆሮዬ እየወረደ፣ የመሪጌታን ሙክት በዚያ ዳገት ላይ ሁለት እጄን ተጠቅሜ አወጣሁት።

አስፋልቱ ጋ ስንደርስ መዳፌን ገልብጬ አየሁት፤ ገመዱ ሁለት ቀይ ሰንበር አውጥቶበታል። አርባ ዓመት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ግስ ነው።

ሔኖክ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሣ ወደ እኔ ዞር አለና ፈገግ ብሎ «ጥሩ እየሠሩ ነው፣ ጋሼ» አለኝ።

እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።